ከታች ያለው አይመለከትዎትም

ኮምቦልቻ ውስጥ ምን ትሠሪ ነበር ብሎ ሰው ሲጠይቀኝ «የደብዳቤ ፎርማት» እላለሁ፤ ሰውም ፊቱን ያዞራል። ያዙር። በዚህ አገር መንግሥት ሰው ላይ የሚያደርገውን ሁሉ የሚያደርገው በደብዳቤ ነው። ከሥራ የሚያባርርህ በደብዳቤ ነው፤ ከአያትህ መሬት «ለልማት ተፈልጓል» ብሎ የሚነቅልህም በደብዳቤ ነው። ቁጥር አለው፣ ቀን አለው፣ «ጉዳዩ» የሚል አለው፣ ከግርጌው ማህተም አለው። የደብዳቤ ፎርማት እየሠራ ትንሽ ሥራ የያዘ የሚመስለው ሰው ካለ ወይ ሞኝ ነው፣ ወይ ሌላ ነገር እያሰበ ነው።

በ2007 ክረምት የተነሺዎች ጉዳይ ጽሕፈት ቤት በኮንትራት ቀጠረኝ። የምኖረው ደሴ፣ ሆጤ ነበር። በየማለዳው ሹራብ ደርቤ የሐረጎን ቁልቁለት በሚኒባስ እወርዳለሁ፤ ኮምቦልቻ ስደርስ ሹራቡን አወልቃለሁ። ጽሕፈት ቤቱ ለፋብሪካ መንደር ተብሎ ከመሬታቸው ለሚነሡ መቶ አርባ ሦስት አባወራዎች ውሳኔ ይጽፋል፤ ይህን ያህል ጥማድ ነበረህ፣ ምትክህ እዚህ ቦታ ነው ይላል። እኔ ከመምጣቴ በፊት ደብዳቤዎቹን የምትጽፈው መርየም የአንዱን ሰው ደብዳቤ ከፍታ የሌላውን ስም ትተካበት ነበር። አንዳንዴ ስሙ ይለወጥና የመሬቱ ስፋት ሳይለወጥ ይቀራል። አንዲት ባልቴት የጎረቤታቸው የሙዓዝ ሚስት ተደርገው ወጥተዋል። «ሙዓዝ እንኳን ደስ ብሎት ነበር» ትለኝ ነበር መርየም።

የሠራሁት ሲስተም አንዱን ጽሑፍ በሦስት በኩል ያወጣል። በወረቀት ታትሞ ማህተም ይመታበታል፤ የገበሬው ልጅ ከተማ ወርዶ በፋይል ቁጥር ቢፈልገው በድረ ገጽ ላይ ይታያል፤ ለቀበሌውና በግልባጭ ለተጠቀሰው ቢሮ ሁሉ ደግሞ በኢሜይል ይሄዳል። ሁለት ነገር ለራሴ ማልኩ። አንደኛ፣ መርየም የደብዳቤውን ቃል እንደፈለገች ትለውጠው፤ ለእያንዳንዷ ነጠላ ሰረዝ እኔን ከደሴ አትጥራኝ። ሁለተኛ፣ ምንም ብትጽፍ ሲስተሙን ልትሰብር፣ የአንዱን ሰው መዝገብ በሌላው ደብዳቤ ላይ ልታወጣ እንዳትችል። ስለዚህ ስም፣ ቀበሌ፣ የመሬት ስፋትና ምትክ ቦታ የሚገቡበትን ክፍት ቦታ ሁሉ በቢጫ ሣጥን ዘጋሁት። ሣጥኑን ወዲያ ወዲህ መግፋት ይቻላል፤ መክፈት ግን አይቻልም። ከሣጥኑ ውጭ የሚጻፈው ጽሑፍ ብቻ ነው። ማንም ትእዛዝ ቢጽፍበት ሲስተሙ እንዳለ ያትመዋል እንጂ አይታዘዝለትም።

«አበላሺው» አልኳት መርየምን፣ ሠርቼ ስጨርስ።

«ወላሂ ይቆጡኛል።»

«የምቆጣሽ እኔ ነኝ፣ ካላበላሸሽው።»

ቀኑን ሙሉ ታገለችው። ከፌስቡክ ቀድታ ለጠፈችበት፤ ሣጥኖቹን ራስጌ ላይ ቆለለቻቸው፤ ሲሰለቻት ደግሞ የሰርግ ጥሪ ጻፈችበት። ሲስተሙ ለመቶ አርባ ሦስት አባወራ በየስማቸው የሰርግ ጥሪ አሰናዳ፤ አንድ ስም አልተዛነፈም።

«ሙሽራዋ ማን ናት?» አልኳት።

«መሬታቸው ናታ! ልትዳርባቸው አይደል?»

አንዲት ዓረፍተ ነገር ግን ለማንም አልተውኩም። በግራጫ ቀለም ከደብዳቤው ግርጌ፣ ከፊርማው በላይ አስቀምጬ ቆለፍኳት። «ይህ ውሳኔ ከደረሰዎት ቀን ጀምሮ በሠላሳ ቀን ውስጥ ለቅሬታ ሰሚው ቅሬታ የማቅረብ መብት አለዎት» ትላለች። ከደንቡ ቃል በቃል የተወሰደች ናት። አትጠፋም፣ አትንቀሳቀስም፣ ፊደሏ አያንስም።

የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ አግማስ ይባላል። በፊቱ አንቱ እለው ነበር፤ እዚህ አልለውም። ሹመት ከማግኘቱ በፊት የሥነ ዜጋ መምህር ነበር። ግድግዳው ላይ «የመልካም አስተዳደር ችግሮችን ከምንጩ እናደርቃለን» የሚል ወረቀት ለጥፏል። መስከረም መጨረሻ ላይ አስጠራኝ።

«ሰርካዲስ፣ ይቺ ግራጫዋ ለምንድን ነው የማትጠፋው?»

«እንዳትጠፋ ስለተሠራች ነው፣ አቶ አግማስ።»

«መርየም ሞከረች፣ እኔም ሞከርኩ።»

«አይቻለሁ። ሲስተሙ ይመዘግባል።»

«በራሳችሁ ታስተካክላላችሁ፣ ለተጠቃሚ ምቹ ነው፣ ምናምን ስትዪን አልነበረም?»

«ቃሉን ታስተካክላላችሁ አልኩ። መብቱን አላልኩም።»

«እህቴ፣ መብትን ላንቺ አላስተምርሽም፤ ስምንት ዓመት ያስተማርኩት እሱን ነው።»

«ያንን ምዕራፍ ዘለውታል ማለት ነዋ።»

ሳቀ። አግማስ ሲሰደብ ይስቃል፤ ከዚህ የበለጠ የሚያናድድ ነገር የለውም። ወንበሩን አስጠግቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ገበሬን መብት አለህ ካልከው አለኝ ይላል፤ ከመቶ አርባ ሦስቱ ሲሶው ቅሬታ ቢያስገባ ልኬቱ እንደ ገና ሊደገም ነው፤ ተቋራጩ ደግሞ ጥር ላይ መግባት አለበት። «የማጥፋት ጉዳይ አይደለም» አለ፤ «ያለጊዜው የመቀስቀስ ጉዳይ ነው።»

«ደንቡ ውስጥ ያለ ነው።»

«ደንቡ ውስጥ ካለ እዚያው ይቀመጣላ! የሚፈልግ ሄዶ ያንብበው።»

አልፈታትም አልኩ። ደጋግሜ፣ ከሚገባው በላይ ጮክ ብዬ፣ ኮሪደሩ እስኪሰማ አልፈታትም አልኩ። እሱም «ይሁን፣ ትቆይ» አለ፤ እኔም ያሸነፍኩ መስሎኝ ወጣሁ።

ደብዳቤዎቹ በጥቅምት ወጡ። እዚህ ላይ ራሴንም አልምርም። በየቀኑ እየገባሁ ግራጫዋ ዓረፍተ ነገር በቦታዋ መሆኗን አይ ነበር፤ ነበረች። ሌላውን አላነበብኩም። ሌላው የነሱ ቃል ነው፤ በቃላቸው እንዲያዝዙ ነፃነት የሰጠኋቸው እኔ ነኝ።

ኅዳር ሁለት፣ ሐሙስ ጧት፣ አንድ ሽማግሌ የኛን ክፍል በር አንኳኩ። ነጭ ኮፍያ አድርገዋል፤ በእጃቸው በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት ይዘዋል። ሼህ ዘይኑልአቢዲን እባላለሁ አሉ፤ ከቦርከና ወንዝ ዳር ካሉት ተነሺዎች አንዱ ናቸው። ሰላምታቸውን ጨርሰው፣ የመርየምን ልጆች ደህንነት ጠይቀው፣ ወደኔ ዞሩ።

«ኮምፒውተሩን የምትሠራው ልጅ አንቺ ነሽ አሉኝ። እንደው ዳነ?»

«ምኑ አባቴ?»

«ኮምፒውተሩ ነዋ። ታሟል ብላችሁ ጽፋችሁ ነበር። ጥሩው ደብዳቤ እስኪመጣ ብዬ ሦስት ጁምዓ ጠበቅሁ።»

ወረቀቱን ተቀብዬ ዘረጋሁት። ግራጫዋ ዓረፍተ ነገር በቦታዋ አለች፤ አንድ ፊደል አልጎደለባትም። ከሷ በላይ፣ ማንም ሊጽፍበት በሚችለው ቦታ ላይ፣ እንዲህ የሚል ገብቷል፦ «ከዚህ በታች በግራጫ ቀለም የተጻፈው ዓረፍተ ነገር በኮምፒውተር ስህተት የገባ ስለሆነ እርስዎን አይመለከትዎትም።»

ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

«የልጄ ልጅ ናት ያነበበችልኝ» አሉ ሼህ ዘይኑ። «ስህተት አለበት ካለ ስህተቱ ይታረማል፣ ሌላ ወረቀት ይመጣል ብዬ ነው የቆየሁት። ስህተት ያለበትን ወረቀት ሰው ለሰው አይሰጥማ። ቀበሌ ብጠይቅ ጠብቅ አሉኝ። ጎረቤቴ ገብረ ማርያም፣ እሱ ከኔ በፊት ነው የደረሰው፣ እሱም እየጠበቀ ነው። አራት ጥማድ ነው ያለኝ፤ ወረቀቱ ሦስት ይላል። ሲለኩ እኔ ደጋን ከተማ ለቅሶ ሄጄ ነበር። ከቦዩ ማዶ ያለችውን አላዩዋትም፤ ማሽላ ያለባትን። የዛሬ ዓመት ምትክ ሲሰጡኝ በሦስት ሊሰጡኝ ነው። አራት ወንድ ልጅ ነው ያለኝ፤ አንደኛው ምን ላይ ሊያርስ ነው?»

«መቼ ነው የደረሰዎት?»

«ጥቅምት አምስት። ጁምዓ ነበር።»

በጣቴ ቆጠርኩ። ሠላሳኛው ቀን እሑድ ይውላል። ቅዳሜና እሑድ ቢሮ የለም። ከዛሬ ሌላ የቀረው ነገ ብቻ ነው።

አግማስ ቢሮ በሩን ሳላንኳኳ ገባሁ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

አየት አደረገው። «ደብዳቤ።»

«የኮምፒውተር ስህተት ነው ብለው ጽፈዋል!»

«ግራጫዋን ነክተናል? አልነካንም። ቆማለች፣ ተከብራለች። ከላይዋ ያለው የኛ ቃል ነው። ቃሉን እናንተ ጻፉ ያልሽው አንቺ ነሽ።»

«ውሸት ነው እኮ!»

«ፖለቲካ አታድርጊው።»

«ፖለቲካ? ሰውየው ኮምፒውተሩ እስኪድን ሃያ ሰባት ቀን ጠብቀዋል! ስህተቱ ይታረማል ብለው ጠብቀዋል! መንግሥት ስህተቴ ነው ካለ ያርመዋል ብሎ የሚያምን አንድ ሰው በዚህ አገር ቢገኝ፣ እሱን አታለሉት!»

«ድምፅሽን።»

«መቶ አርባ ሦስቱንም አሁን አርሜ አትማለሁ፤ ዛሬውኑ ይሂድ።»

«አትሚ» አለ። መሳቢያውን በመዳፉ መታ መታ አደረገው። «ማህተሙ ግን እዚህ ነው።»

አራት ወር የደከምኩበት ሣጥን፣ ቁልፍ፣ ማጣሪያ ሁሉ እዚያች የእንጨት መሳቢያ ፊት የልጅ ጨዋታ ነበር። ማንም ሲስተሙን አልሰበረውም። መስበር ያስፈለገው ማን ነው? መዋሸት ይበቃል።

«ደግሞ» አለ አግማስ፣ «ቅሬታ ሰሚውም በግልባጭ ደርሶታል። አንድ ቃል አልተነፈሰም። ካንቺ ይልቅ ሥራቸውን ያውቃሉ።»

ወደ ክፍሌ ስመለስ መርየም አንገቷን ደፍታ ትጽፋለች። ሼህ ዘይኑ አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። አጠገቧ ሳልፍ ቀና ሳትል «ማን መቼ እንደጻፈው መዝገቡ ላይ አለ» አለች፤ «ፓስወርድሽን ሳይዘጉብሽ አትሚው።» አተምኩት። «አግማስ፣ መስከረም 28፣ ከቀኑ 9:14» ይላል፤ ያቺ የውሸት መስመር ቃል በቃል ከሥሩ አለች።

በማግስቱ ሼህ ዘይኑ ከኮምቦልቻ በመጀመሪያው ሚኒባስ ቅሬታ ሰሚው ወዳለበት ወደ ደሴ ወጡ፤ እኔ ደሴ መናኸሪያ ጠበቅኋቸው። አቤቱታቸውን ማታውኑ ጽፌ ጨርሻለሁ፤ ሁለት ገጽ። ከልጅነቴ ጀምሮ ጽሑፍ ይሳካልኛል፤ ስናደድ ደግሞ ይበልጥ ይሳካልኛል። አግማስን አንድ በአንድ ገነጣጥዬዋለሁ፤ ሌብነቱን፣ አስመሳይነቱን፣ ስምንት ዓመት ሥነ ዜጋ አስተምሮ አንድ ዜጋ አለማፍራቱን። ከግርጌ «አመልካች ዘይኑልአቢዲን» ብዬ ጽፌ ለፊርማ ቦታ ትቻለሁ።

የቅሬታ ሰሚው መዝገብ ቤት ኃላፊ ጸጋው ይባላል። ደሴ በርዷታል፤ አንገቱ ላይ ፎጣ ጠምጥሞ ተቀምጧል። አራት ሰዓት ከሩብ ላይ ወረቀቱን ተቀብሎ ማንበብ ጀመረ። ቅንድቡ ቀስ እያለ ወደ ላይ ሄደ።

«ይሄ አቤቱታ ነው ወይስ ፉከራ?»

«አቤቱታ ነው።»

«ስለ መሬቱ የሚያወራው የት ጋ ነው?»

«ሁለተኛው ገጽ። ታች።»

«እህቴ፣ የስድብ ጽሑፍ መዝገብ ላይ አላስገባም። ብፈልግ እንኳ አልችልም፤ ይመልሱብኛል።» ደብዳቤውን አነሣ። «ሌላ ደግሞ አለ። እዚህ ላይ የቅሬታ መብቱ በስህተት የገባ ነው፣ አይመለከትዎትም ይላል፤ በማህተም። እኔ ምን ብዬ ልቀበል?»

«እናንተም እኮ ደርሷችኋል! በግልባጭ፣ በኢሜይል፣ መቶ አርባ ሦስቱም! አንድ ሰው ከፍቶ ቢያነበው...»

«ኢሜይሉን የሚከፍተው ልጅ ወደ ከሚሴ ተዛውሯል።»

«እና?»

«ፓስወርዱ እሱ ጋ ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከሚያዝያ።»

ምን እንደተናገርኩ አልደግመውም። ጸጋው ፎጣውን እያስተካከለ ጠበቀኝ፤ የለመደ ሰው ነው። ሲያበቃልኝ «አልሰማሁሽም» አለ፤ «ስሚኝ፣ ዛሬ አርብ ነው፤ አምስት ተኩል ላይ እንዘጋለን። ከሰዓት ሁላችንም ስብሰባ ነን።»

«የምን ስብሰባ?»

አላየኝም። «የመልካም አስተዳደር።»

ሼህ ዘይኑ ከኋላዬ ሳል አሉ። ሳል ብቻ ነው፤ ግን ሳቅ ነበረበት።

«አቤቱታውን አስተካክለሽ አምጪ» አለ ጸጋው። «ይቺ ዓረፍተ ነገር ስህተት አለመሆኗን ደግሞ የሚያረጋግጥልኝ ሰው አምጪ። ሲስተሙን የሠራው ሰው ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«እንግዲያውስ በስምሽ ጽፈሽ ፈርሚ። እዚያ ኮንትራት ላይ ከሆንሽ ግን አስቢበት።»

ከቢሮው ሥር አንድ የኮምፒውተር ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት አለ። አንድ ኮምፒውተር ለመንሁና ተቀመጥሁ። ሼህ ዘይኑ በርጩማ ስበው አጠገቤ ተቀመጡ። ፍላሹን ሰክቼ ከፈትኩና ሁለት ሦስት ስድብ ማለሳለስ ጀመርኩ። «ሌባ» የሚለውን «እምነት አጉዳይ» አደረግኩት።

«ልጄ፣ አንብቢልኝ» አሉ።

«ሰዓት የለንም አባቴ፣ አምስት ሊሆን ነው።»

«የኔ ስም ከታች አለበት አይደል? አንብቢልኝ።»

አላነበብኩላቸውም ነበር። ስማቸውን ጽፌ፣ ፊርማቸውን ጠብቄ፣ በስማቸው የሚሄደውን ቃል አንድም ጊዜ አላሰማኋቸውም። ያኔ ትዝ አለኝ። አነበብኩ። አገጫቸውን በከዘራቸው ላይ አሳርፈው እስከ መጨረሻው አዳመጡ።

«ይሄን ሁሉ ያልኩት እኔ ነኝ?»

«እውነት እኮ ነው ሼህ ዘይኑ።»

«ሌባ ነው ይላል። እኔ ሲሰርቅ አላየሁትም።»

«ዋሽቷል!»

«እሱማ ዋሽቷል። ዋሸ በያ! ሌባ ካልሽ ምን ሰረቀህ ይሉኛል፤ ምስክር አምጣ ይሉኛል። እኔ ለመሬቴ ነው ምስክር ያለኝ። ሰውየው ስለ ስሙ ሊሟገት ነው፤ የኔ መሬት ደግሞ ተረሳች።»

«እንዲህ ያለውን ሰው በለሆሳስ...»

«አብሽሪ። ንዴትሽ አይጠፋብሽም፤ ገና ልጅ ነሽ። ለሱ ሌላ ወረቀት ውሰጂና የራስሽን ጻፊ። ይሄ ግን የኔ ነው።»

ለአፍታ በሳቸውም ተናደድኩ። ይህ ጨዋነት አይደል እንዴ እስከዛሬ የነዳን? እያልኩ በልቤ ተሟገትኳቸው። ከዚያ ሁለቱንም ገጽ አጠፋሁ። ባዶውን ገጽ ከፍቼ «ይንገሩኝ» አልኩ፤ እሳቸው ነገሩኝ፤ እኔም ሳልጨምር ሳልቀንስ ጻፍኩ፦

«ያለኝ አራት ጥማድ ነው። ወረቀቱ ሦስት ይላል። ሲለካ እኔ ደጋን ለቅሶ ላይ ነበርኩ፤ የሄድኩበትን የሚያውቅ ሰው አለ። ያልተለካው ከቦዩ ማዶ ያለው ነው፤ ዘንድሮ ማሽላ አለበት፤ መጥታችሁ ብታዩት ይታያል። ወረቀቱ ቅሬታ የለህም ብሎ ዋሽቶኛል። ስለዚህ ዘገየሁ። መሬቴ እንዲለካልኝ፣ ሲለካም እኔ ባለሁበት እንዲሆን እጠይቃለሁ።»

መልሼ አነበብኩላቸው። «ዘገየሁ» ያለውን አስወጡና «ዘገያችሁብኝ» አስባሉኝ። ከዚያ በዓረብኛ ፊደል፣ ረጋ ብለው ፈረሙ።

የራሴን ወረቀት በእጄ ጻፍኩት። ዓረፍተ ነገሯ በስህተት አልገባችም፤ ከደንቡ ወስጄ፣ አስቤበት ያስገባሁና የቆለፍኩ እኔ ሰርካዲስ ነኝ፤ ስህተት ናት የሚለውን መስመር የጻፈው ማን እንደሆነ የሲስተሙ መዝገብ ተያይዟል አልኩ። መጨረሻ ላይ ስለ አግማስ አንድ ቃል ጨመርኩ። ስልኬ ጠረጴዛው ላይ ይንቀጠቀጣል፤ አግማስ ነው። መርየም አልነገረችብኝም፤ መናኸሪያ ያየን ሰው ይሆናል፤ ኮምቦልቻና ደሴ አንድ ሰፈር ናቸው። ጠርቶ ጠርቶ እስኪበቃው ተውኩትና ፈረምኩ።

አምስት ሰዓት ከሃያ አራት ላይ ጸጋው ሁለቱንም ወረቀት አየ።

«ያንቺኛው ላይ አንድ ስድብ አለ።»

«ያ የኔ ነው። ፈርሜበታለሁ።»

ጸጋው የሼህ ዘይኑን መዘገበ፤ የኔን ከኋላው በስቴፕለር መታው። ቁጥሩን በትንሽ ወረቀት ጽፎ ለሼህ ዘይኑ ሰጣቸው። እሳቸው ወረቀቷን በላስቲክ ጠቅልለው ኪሳቸው ከተው ወደ መስጊድ ሲነሡ በር ላይ ቆሙ።

«ሌሎቹስ?»

ደብዳቤው የደረሰው በየጎጡ በየተለያየ ቀን ነው፤ ቀናቸው ያላለፈ ነበሩ። ፎቶ ኮፒ ቤቱ ተመልሼ ከአቤቱታው ላይ የሳቸውን ስምና የመሬታቸውን ነገር አውጥቼ ክፍት ቦታ አደረግኩት፤ የዋሸውን ደብዳቤ የሚመለከተውን ብቻ አስቀረሁ። ሁለት መስመር ክፍት ቦታ ትቼ ነበር፤ ሼህ ዘይኑ ከስግደት ሲመለሱ አይተው «አንድ ገጽ ተይላቸው» አሉ። መቶ ኮፒ ተሸክመው ሐረጎን ወረዱ።

ሰኞ ፓስወርዴ ተዘግቶ ጠበቀኝ። ግራጫዋን የሚፈታ ሌላ ባለሙያ ተፈልጎ ተገኘ፤ ባለሙያ መቼም አይጠፋም። ከመቶ አርባ ሦስቱ ሃምሳ ስምንት ሰዎች በጊዜው አስመዘገቡ። ሰማንያ አምስቱ ኮምፒውተሩ እስኪድን ሲጠብቁ ቀናቸው አለፈ። እኔ አልቆለፍኩባቸውም፤ አግማስ ነው። የግራጫዋን ቁልፍ ብቻ አይቼ የተኛሁ ግን እኔ ነኝ፤ ይህንንም ደጋግሜ እናገራለሁ።

ታኅሣሥ ውስጥ ለኪዎቹ ወደ ቦርከና ዳር ወጡ። ሼህ ዘይኑ አስጠሩኝና ሄድኩ። ከቦዩ ማዶ ያለችውን ማሽላ ከጫፍ እስከ ጫፍ ለኩ፤ የሜትሩን አንድ ጫፍ የያዙት ሼህ ዘይኑ ራሳቸው ነበሩ፤ ለማንም አልሰጡም። አራተኛዋ ጥማድ ተጻፈች። ለኪው ሜትሩን እየጠቀለለ ወደ መኪናው ዞረ።

ከድንበሩ ወዲያ ገብረ ማርያም ቆመዋል፤ ጥቅምት አንድ ቀን ደብዳቤ የደረሳቸው ጎረቤት። የሳቸውም ከቦዩ ማዶ ያለው አልተለካም። ዘንጋቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው ሲያዩ ቆይተው «እኔስ?» አሉ።

«የርስዎ ቀን አልፏል» አለ ለኪው።

«ሜትሩ እኮ እጅህ ላይ ነው!» ብዬ ጮህኩበት። «ሃያ እርምጃ ናት! ቦዩ ያው አንድ ቦይ ነው! ምን ያስኬድሃል?»

«የታዘዝኩት እስከዚህ ነው እህቴ። ደብዳቤ የላቸውም።» መኪናው ውስጥ ገባ።

ድንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። ከቦርሳዬ ወረቀትና እስክሪብቶ አወጣሁ፤ ጉልበቴ ላይ ዘረጋሁት። ቀኑ ያለፈበት አቤቱታ የት እንደሚገባ አላውቅም፤ ጸጋውም አያውቅ ይሆናል፤ አስገባዋለሁ።

«ይንገሩኝ ጋሼ ገብረ ማርያም» አልኩ። «እርስዎ እንዳሉት ነው የምጽፈው።»

ወደ መኪናው አቧራ እያዩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«‹ሌባ› ብለሽ ጀምሪ።»

ሼህ ዘይኑን ቀና ብዬ አየኋቸው። እሳቸው ማሽላቸውን ያያሉ።

ጻፍኩ።